ጠላው የቀደመበት ደቦ

አንድ የበቅሎ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ጓንጉል ይባላል። የበቅሎ ጥርስ አይቶ ዕድሜዋን እስከ ወሩ የሚናገር አዋቂ ነው፤ የገዛ ቤቱን ዕድሜ ግን ረስቶታል። ከአባቱ የወረሰው የሣር ክዳን ቤት አሥራ አንድ ክረምት እጅ ሳይነካው ከርሞ ክዳኑ በስብሷል። ጓንጉል ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር አልጋውን ወደ ደረቁ ጥግ ይገፋል። እንዲህ ሲገፋ ሲገፋ አልጋው ቤቱን ዞሮ ጨረሰና ባለፈው ክረምት በሩ ሥር ደረሰ።

ሚስቱ ጥሩወርቅ በዚህ መረራት። በግንቦት መጀመሪያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «እኔ ያገባሁት ሰው እንጂ ወንዝ አይደለም። ሰኔ ሳይገባ ክዳኑ ካልታደሰ ወንድሜ ቤት እንደወጣሁ እቀራለሁ» ብላው ሄደች። ጓንጉል ሚስቱን በጣም ይወዳታል። ከሄደች በኋላ እህል አልዋጥለት አለ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለና ጠላ አስጠምቆ፣ ንፍሮ አስቀቅሎ ደቦ ጠራ። ቅዳሜ ማለዳ ጎረቤቱ ሁሉ ሣር ተሸክሞ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይዞ ከተፍ አለ። ጓንጉል የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአገሩ ልማድ የደቦ ጠላ የሚቀዳው ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነው። እሱ ግን ሰው ለማስደሰት ቸኩሎ፣ «እስቲ ግቡና መጀመሪያ አፋችሁን አርጥቡ» ብሎ በጠዋቱ ጋኑን ከፈተ።

አፍ ከረጠበ ደግሞ ምክር አይጠፋም። አንዱ «ቤት የሚታደሰው ከምሰሶው ነው» አለ። ሌላው «ግድግዳው ሳይቃና ምሰሶ ምን ሊፈይድ?» ሲል ተቆጣ። ሽማግሌው አናጢ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አያታቸው ቤት ማውራት ጀመሩ፤ አያታቸው ቤቱን ሠርተው ሳይጨርሱ መሸ። ሁሉም ተነስቶ መረቀና ወደየቤቱ ሄደ። ሃምሳው ሰው ተሟልቶ ነበር፤ ሎሚውን ያነሳ ግን አልተገኘም።

ሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ደግሞ መካሪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ሲከራከሩ ግድግዳው ዘመመ። «አላልኳችሁም? ከግድግዳው ነው የሚጀመረው!» አለ አንዱ ደስ ብሎት። ለዚህም አንድ ዋንጫ ተቀዳለት።

ይህን ጊዜ ጥሩወርቅ የቀሩ ልብሶቿን ልትወስድ መጣች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሰኔ ሊገባ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ሚስቱ ሳጥኗን ስታነሳ ጓንጉል በሩ ላይ ቆመ።

«ጥሩዬ፣ በሞቴ ትንሽ ታገሺኝ» አላት። «ከየት እንደሚጀመር ሊስማሙ ነው።»

«ይኼ ቤት ሲፈርስ ማንን አማክሮ ፈረሰ?» አለችው።

ጓንጉል ደጅ ወጣና ያገኘውን ማጭድ አንስቶ በመሰላሉ ጣራው ላይ ወጣ፤ የበሰበሰውን ሣር እየዘነጠለ ይወረውር ጀመር። ቆሻሻው ዋንጫው ውስጥ ሲዘንብ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ጮኸ። «ኧረ ያዙት፣ አበደ!» አሉ አናጢው። «ዝናቡ መጣኮ! ጠላው!»

በተከፈተው ጣራ ደመናው ልክ ጋኑ አናት ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ ከየት ይጀመር ብሎ የጠየቀ የለም። ማገር የሚያቀብለው አቀበለ፣ ሣር የሚከድነው ከደነ፤ አናጢው ራሳቸው ዋንጫቸውን ጥለው ጣራው ላይ ወጡ። ዝናቡ ሲጥል ክዳኑ አልቆ ነበር። ግድግዳውን ለማቃናት ሌላ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ፤ ያን ጊዜ ግን ጠላውን የምትቀዳው ጥሩወርቅ ነበረች፤ ሥራው ሳይጋመስም ጋኑን አልከፈተችም።

ያረጀ ነገር ሲፈርስ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ እኛ ግን ለማደስ አገር ሁሉ እስኪስማማ እንጠብቃለን። አብዛኛውን ጊዜ የቸገረን የሥራው መነሻ አይደለም፤ ሳንጀምር የምናገኘው ምቾት ነው። አንድ እጅ ሙሉ የበሰበሰ ሣር የነቀለን ሰው ቀሪው ሥራ ራሱ ይጠራዋል።

እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፦ ሲመክሩበት የከረሙት ሥራ የትኛው ነው? እስካሁን እጅዎ ያላረፈበት ከብዶዎት ነው፣ ወይስ ምክሩ ጣፍጦዎት?