የእትዬ ሽታዬ የጠላ ድስት

በአንድ ወቅት ሽታዬ የምትባል፣ በጠላ ቤቷ ጠላ እየጠመቀችና እየሸጠች ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት ነበረች። ጌሾውንና ብቅሉን አብራ የምታፈላበት፣ ሟች ባሏ ያመጣላት ትልቅ የብረት ድስት ነበራት። የቤቱ ጉሮሮ የሚደፈነው በእሱ ነበር።

አንድ ጊዜ የሚካኤል ማኅበር ተራ ደርሷት ደገሰች፤ ጠላው ግን ደፈረሰባት። ወይዘሮ አመለወርቅ በማኅበርተኛው ፊት ዋንጫዋን ዘቅዝቃ፣

«ሽታዬ፣ ጠላውን ለማን ደብቀሽ ነው አተላውን ለእኛ የቀዳሽው?» አለቻት።

ሰው ሳቀ። ሽታዬ ፊቷ ፍም መሰለ፤ ብድግ ብላም፣

«በሚካኤል ስም! ተራዬ ሲመለስ ጠላዬን ያጠራልኝ ልጅ ድስቱንም ጠላ ቤቱንም ይውረስ። አንዱ ብቻ!» ብላ ማለች። የማኅበሩ ቄስም መሐላዋን ሰሙ።

ዓመቱ ዞሮ ተራዋ ተቃረበ። በያጅ የሆነው ልጇ ጥላዬ፣ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቆ ድስቱን ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ጎኑ ላይ በሳውና ቧንቧ ገጠመበት። ሽታዬ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጮኸች።

«ያባትህን ድስት ወጋኸው?»

«እማዬ፣ በጣሳ ስትጨልፊ እኮ አተላውን የምታስነሺው አንቺው ነሽ። በጎን ይውረድልሽ።»

ልትረግመው አፏን ከፍታ ነበር፤ አማተበችና ዘጋችው።

የመጥመቂያው ቀን ደረሰ። ታላቂቱ መንበረ ሻይ ስታማስል ቅጠሉ ብርጭቆው መሃል እንደሚከማች ልብ ብላ ኖሯል። ድስቱ ፈልቶ ከእሳት እንደወረደ መማሰያውን አንስታ ዳር ዳሩን፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ አዞረችው። ፈሳሹ አዙሪት ሆነ።

«ምን ትንጪዋለሽ? ቅቤ ልታወጪ ነው?» አለች ሽታዬ።

«ዝም ብለሽ እዪ፣ እማዬ። አሁን በራሱ እስኪቆም አይነካም።»

«በገዛ ቤቴ ዝም በይ ትይኛለሽ!»

ይኼኔ አመለወርቅ «ቤቶች!» ብላ ገባች። በዚያ አገር ጠላ ከሚጠመቅበት ቤት የገባ እንግዳ መማሰያ ተቀብሎ አንዴ ማማሰሉ ደንብ ነው፤ መከልከል ነውር ነው። ሽታዬም ሳትወድ በግድ መማሰያውን አቀበለቻት። ታናሺቱ የውብዳር ግን ከእንግዳዋ እጅ መንጭቃ እሳት ውስጥ ወረወረችው።

«መንበረ አይነካም ብላለች፤ አይነካም!»

አመለወርቅ እየተሳደበች ወጣች። ሽታዬ የምትወዳትን ልጇን በጥፊ አጮለቻት። የውብዳር እንባዋ እየወረደ፣ አዙሪቱ ጸጥ እስኪል ከድስቱ ፊት ፈቀቅ አላለችም።

ቧንቧው ሲከፈት የምንጭ ውሃ የመሰለ ወረደ፤ አተላው ድስቱ መሃል ጉብታ ሠርቶ ቀረ። በሚካኤል ዕለት አመለወርቅ ሦስት ዋንጫ ጨለጠች።

በማግስቱ፣ ቄሱ በተገኙበት፣ ልጆቹ ድስቱን ከበው ተያያዙ።

«እኔ ባላዞረው አተላው መች ይሰበሰብ ነበር?» አለች መንበረ።

«ተሰብስቦስ? በጣሳ ስትጨልፊው ይበተን የለ?» አለ ጥላዬ።

«ጥፊውንስ ማን በላው?» አለች የውብዳር። «አንዴ ቢማሰል ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን ትቀሩ ነበር!»

ሽታዬ በጋራ ያዙት ልትል ወደ ቄሱ ዞረች። ቄሱ አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንዱ ብቻ ብለሽ ምለሻል፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ሽታዬ ዳግመኛ ነደደች፤ አሁን ግን በገዛ አፏ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ድስቱን ለበሳው፣ አዙሪቱን ላስነሳችው፣ ወይስ ጥፊ ቀምሳ ለጠበቀችው? ለማን ይገባል?