ቤቱን ከፍቶ የሚተኛ መንደር

ጭቃ ሹም ጥሩነህ ጉራ ነፍሱ ነው። የወረዳው ገዥ ሊጎበኝ ቢመጣ፣ መንደርተኛውን በአዲሱ በቅሎ ቤቱ ደጅ ሰብስቦ፣ «በእኔ ሹመት ሌባ ድራሹ ጠፍቷል፤ ሰው ሁሉ ቤቱን ከፍቶ ነው የሚተኛው!» እያለ ይንጎማለላል።

በክረምት የቤቷ መዝጊያ ተሰርቆባት ጅብ ሲያሳቅቃት የከረመች ባልቴት ይህን ሰምታ አጉረመረመች። ጭቃ ሹሙ ማጉረምረሟን ሰምቶ ጮኸባት።

«አንቺ ምላሰኛ! ቤትሽን ከፍተሽ አትተኚም? ነይ፣ በገዥው ፊት ምለሽ ተናገሪ። ከዋሸሽ ከመንደሩ ትወጫለሽ!»

ባልቴቲቱ ነጠላዋን አስተካክላ ለገዥው እጅ ነሳች።

«እግዜር ምስክሬ ነው ጌታዬ፣ እውነታቸውን ነው፤ ከፍቼ ነው የምተኛው። መዝጊያዬማ ይኸው ከኋላዎ የእሳቸውን በቅሎ ይጠብቃል፤ ውሻዬ የቧጨረው ሳይቀር ይታያል። ሌባ ድራሹ ከጠፋ ታዲያ በቅሎዋ ምን ያስፈራታል? ይመልሱልኝ።»