የማሽኗ እግርና የደምመላሽ ጀርባ

ተረት ተረት፣ የብረት በሬ በረት።

ኮምቦልቻ፣ አንድ የክር ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ደምመላሽ የሚባል የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። ጭነት አንስታ የምትከምር፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ፎርክሊፍት ይነዳል። ከዚያ በፊት ተሸካሚ ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ ጆንያ አዝሎ፣ በሳንቃ ላይ እየተራመደ፣ የክምር ጫፍ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ሳንቃው ጎበጠ፣ እሱም ወደቀ። ስለዚያ ብዙ አያወራም። የማሽኗን መሪ የጨበጠ ዕለት ግን «ጀርባዬ ከእንግዲህ አይሸከምም» አለ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ከማሽኗ ሁለት ትናንሽ የኋላ ጎማዎች አንዷ ተቀደደች። ከሳህን አትበልጥም። ከገባች ገና ሳምንቷ ነው፤ ለስላሳ ላስቲክ ስለነበረች ጭነቱ ጨፈለቃት። ማሽኗ ዘመም አለችና በሁለት ክምር መካከል ቆመች።

የመጋዘኑ አለቃ አቶ መኳንንት መጡ።

«ጥጡ እስከ ምሳ ደወል መከመር አለበት። ማሽኗ ካልተነሳች ሳንቃው አለ፤ አንተም ጀርባ አለህ» አሉት።

«ጀርባዬ አይሸከምም።»

«ይህ ጀርባ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣው?»

«ከወደቀ ወዲህ።»

ደምመላሽ ወደ ንብረት ክፍሉ ሄደ። ንብረት ያዡ ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ ጠንካራዎቹ ጎማዎች ይታያሉ።

«ጋሼ፣ ጎማ ይስጡኝ። ላስቲኳን ሳይሆን ያቺን ጠንካራዋን።»

«የመጠየቂያ ወረቀትህ ጎማ ይላል። ጎማ ላስቲክ ነው። ላስቲክ ጠየቅህ፣ ላስቲክ ሰጠሁህ። ሌላ ዕቃ ከፈለግህ ሌላ ቃል አምጣ።»

ጋሽ እንድሪስ አልሰጥም አሉ፤ ሳይሰጡ ማሽኗ አልሄድም አለች፤ የደምመላሽም ጀርባ አልሸከምም አለ።

ወረቀቱን ወደምትጽፈው ወደ ዘምዘም ሄደ።

«ዘምዘም፣ ጎማ የሚለውን ሰርዢና ሌላ ጻፊልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ጠንካራ ጎማ።»

«ጠንካራ ላስቲክ ልበል? ጋሽ እንድሪስ እኮ ይህን ይዘው ጫማ ነው የሚሰጡህ። መካኒኩ ዘርጋው ጎማዋን ለክቶ ስሟን ይንገረኝ። የማላውቀውን አልጽፍም።»

ዘምዘም አልጽፍም አለች፤ ሳትጽፍ ጋሽ እንድሪስ አልሰጥም አሉ፤ ሳይሰጡ ማሽኗ አልሄድም አለች፤ የደምመላሽም ጀርባ አልሸከምም አለ።

ወደ መካኒኩ ወደ ዘርጋው ሄደ።

«ስሟ ከልኳ ጋር ነው የሚመጣው» አለ ዘርጋው። «ቁመቷን፣ ወርዷን፣ የቀዳዳዋን ስፋት ማየት አለብኝ። ግን በሁለት ክምር መካከል ገብቼ አላጎነብስም። ክምሩ ቢናድብኝ ማን ያለቅስልኛል?»

«እኔ አለቅስልሃለሁ።»

«ያንተን ልቅሶ አውቀዋለሁ፤ ፊትህ እንኳ አይንቀሳቀስም። ይልቅ ማሽኗን ወደ ብርሃን አውጣልኝ።»

ዘርጋው አልለካም አለ፤ ሳይለካ ዘምዘም አልጽፍም አለች፤ ሳትጽፍ ጋሽ እንድሪስ አልሰጥም አሉ፤ ሳይሰጡ ማሽኗ አልሄድም አለች፤ የደምመላሽም ጀርባ አልሸከምም አለ።

ማሽኗ ከባድ ናት፤ አንድ ሰው አይነቀንቃትም። ደምመላሽ ወደ ስምንቱ ተሸካሚዎች ሄደ። ጥላ ስር ተቀምጠዋል። አለቃቸው አሊጋዝ አብሮት ስድስት ዓመት የተሸከመ ሰው ነው።

«ሹፌራችን መጣ። በእግርህ መሬት ረገጥህ እንዴ ዛሬ?»

«ማሽኗን ግፉልኝ።»

«አንገፋም።»

«ለምን?»

«ማሽንህ ስትሄድ አንተ ትነዳለህ። ማሽንህ ስትቆም ሳንቃው ይዘረጋል፤ የሚወጣበትም እኛ፣ የሚወድቅበትም እኛ። ያ ሳንቃ እዚህ እያለ እጃችን ማሽንህን አይነካም።»

ተሸካሚዎቹ አንገፋም አሉ፤ ሳይገፏት ዘርጋው አልለካም አለ፤ ሳይለካ ዘምዘም አልጽፍም አለች፤ ሳትጽፍ ጋሽ እንድሪስ አልሰጥም አሉ፤ ሳይሰጡ ማሽኗ አልሄድም አለች፤ የደምመላሽም ጀርባ አልሸከምም አለ።

ሳንቃው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ወገቡ ላይ አሁንም ጎብጧል። ደምመላሽ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከዘርጋው ሣጥን መጋዝ አወጣ፤ ሳንቃውን ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደመ፤ በእግሩ ረገጠው፤ መገዝገዝ ጀመረ።

አቶ መኳንንት እየተጣደፉ መጡ።

«ያ እኮ የፋብሪካው ንብረት ነው።»

መጋዙ አላቆመም።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ጀርባዬ።»

«ማሽኗ ባትነሳስ? በምን ልትወጣ ነው?»

«አልወጣም።»

«እነሱስ?»

«እነሱም አይወጡም።»

ሳንቃው ለሁለት ተከፍሎ ወደቀ። ከዚያ አሊጋዝ ሱሪውን አራግፎ ተነሳ።

«ግማሹን ወዲህ በለው» አለ።

ስምንቱ ግማሹን ሳንቃ በማሽኗ ስር ከተው፣ የዘመመውን ጥጓን ብድግ አድርገው ገፏት። ሲገፏት ዘርጋው አጎነበሰ፣ ለካ።

«ጎማ አትበሏት፤ እግር ናት። ጠንካራ ፕላስቲክ የለበሰች የብረት እግር። ደግሞ አንድ ብቻ እንዳታመጣ፤ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። አለዚያ አሮጌዋ ታነክሳለች፣ አዲሷ ብቻዋን ትሸከማለች።»

ሲለካ ዘምዘም ጻፈች፦ የማሽን እግር፣ ፕላስቲክ የለበሰ ብረት፣ ቁመት አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ወርድ አምስት፤ ሁለት። ስትጽፍ ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን አወረዱ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡ፣ ሰጡ።

«ጎማ ስትል ጎማ፣ እግር ስትል እግር» አሉ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ አንባቢ ነኝ።»

ሲሰጡ ማሽኗ ሄደች። ደወሉ ሲደወል የመጨረሻው እስር ጥጥ የክምሩ ጫፍ ላይ ነበር። የማንም ጀርባ አልተሸከመም።

አቶ መኳንንት ከሳንቃው ስብርባሪ አጠገብ ቆመው ነበር።

«ነገ ብትቆምስ?»

«አትቆምም።»

አልቆመችም። የክር ፋብሪካ ወለል ክር አያጣም፤ ክሩ እግሯ ላይ ይጠመጠማል፣ መሽከርከሪያዋን ያንቃል። ስለዚህ ደምመላሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተንጋልሎ ከስሯ ይገባል። ክሩን በምላጭ ይቆርጣል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ፕላስቲኩ እንዳልተሰነጠቀ በጣቱ ይዳብሳል። ጀርባው ለዚህ ብቻ እሺ አለ።

ተረቴን መልሱ፣ ከእግሯ ላይ ክሩን በጥሱ።