ዓሣው ጠገበ

አንድ የጀልባ መሪ ነበር። ሥራው መንጠቆ ነክተው የማያውቁ ሰዎችን ወደ ትልቅ ሐይቅ አውጥቶ ዓሣ ማጥመድ ማለማመድ ነው። ስሙ አንማው ይባላል። ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ ማዶው አይታይም። አንማው ሙያውን ያገኘው ከአንድ የውጭ አገር እንግዳ ነው፤ ሰውየው በአገሩ ሐይቆች ላይ ሳልሞንና ትራውት የሚባሉ ዓሦችን ጀማሪዎችን ሲያስጠምድ የኖረ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት የማጥመጃ ዘንጎች ከነክር መጠቅለያቸው ትቶለት ሄደ። አንማው በእነዚያ ዘንጎች እንግዶቹን ነጭ ዓሣና አምባዛ ማስጠመድ ጀመረ።

አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም እንግዳ አልተጎዳበትም፤ ልብሱ የረጠበ እንኳ አልነበረም። በከተማው ሆቴሎች «ለጀማሪ ማን ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚጠራው የእሱ ስም ነበር።

ሐይቁ አንድ ጠባይ አለው። ጠዋት ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ግን ከሰፊው በኩል ንፋስ ይነሣል፤ የሚያመጣው ማዕበል ትንሽ ጀልባ ይገለብጣል። ምልክቱ ሩቅ ውሃ ላይ የሚታይ ጥቁር መስመር ነው። መስመሩ ከታየ በኋላ ዳር ለመድረስ የሚቀረው ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ወደቡ በዛፍና በኮረብታ የተከለለ በመሆኑ የከተማው ሰው ይህን አያይም። ከሰዓት በኋላ ከመንገድ ዳር ቆሞ ለሚመለከተው፣ ሐይቁ የሚያብረቀርቅ ውሃ ብቻ ነው።

አንማው ይህን ሁሉ ያውቃል። ለእንግዶቹ ግን አይነግርም። ሥራ በጀመረበት ዓመት ለአንድ ቤተሰብ፣ ጀልባው ላይ ከተሳፈሩ በኋላ፣ ስለ ንፋሱ አንድ በአንድ አስረድቶ ነበር። እናትየዋ የልጆቿን እጅ ይዛ ወረደች። አባትየው «ይቅርታ ወንድሜ» ብሎ ተከተላት። ከዚያ ወዲህ አንማው አሠራሩን ለወጠ። እንግዳውን ፊቱን ወደ ዳር፣ ጀርባውን ወደ ሰፊው ውሃ አድርጎ ያስቀምጠዋል። እሱ ትይዩው ይቀመጥና በእንግዳው ትከሻ ላይ አሻግሮ ሩቁን ይቃኛል። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው እንዳይሰምጥ የሚለበሱትን ተንሳፋፊ ሰደርያዎች ከመቀመጫው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኗቸዋል። ጥቁሩን መስመር ሲያይ ክሩን መጠቅለል ይጀምርና በረጋ ድምፅ «በቃ፣ ዓሣው ጠገበ። ከዚህ በኋላ መንጠቆ አይነካም» ይላል። እንግዳው ደስ ብሎት ይመለሳል። ንፋሱ ሲነሣ ሁሉም ምሳ ላይ ናቸው።

ይህን ልብ ያሉ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አያ ጥጋቡ ይሏቸዋል። አንድ ቀን ታንኳቸውን እያሰሩ አንማውን ጠሩት።

«አንተ ልጅ፣ ዓሣ የሚጠግበው በሰዓት ነው እንዴ? ምን እያልክ ነው ሰዉን የምትሸነግለው?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው፣ አያ ጥጋቡ? ልትሰጥሙ ነው ልበላቸው?»

«ንፋስ ሊነሣ ነው በላቸው። ንፋስ ስድብ አይደለም።»

«እኔ እያለሁላቸው እነሱ ንፋሱን አወቁት አላወቁት ምን ለውጥ አለው?»

ሽማግሌው ገመዱን አጥብቀው አሰሩ። «አንተ በሌለህበት ቀንስ?»

አንማው ሳቀ። «እኔ በሌለሁበት ማን ሐይቁ ላይ ያወጣቸዋል?»

ነገሩ በዚህ ቀረ።

ከእንግዶቹ መካከል አቶ ላቀው የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ የደጋ ከተማ መድኃኒት ቤት ሠርተው፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ትዋብ ጋር ወደ ሐይቁ ከተማ የመጡ ሰው ናቸው። ያደጉበት አገር ሐይቅ የለውም። በጠባያቸው ፈሪ ነበሩ። ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ ይዘው ነው፤ መንገድ ሲሻገሩ ባለቤታቸው ናቸው የሚመሯቸው። የተጻፈን ነገር እንደተጻፈው፣ የተባለን ነገር እንደተባለው ይፈጽማሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ላይ ሲወጡ ዘንጉን ሁለት ጊዜ ጣሉት።

አንማው በዚህ ሥራ ጎበዝ ነበር። አልተቆጣም፣ አልቸኮለም። «ጋሼ፣ ከእርስዎ ይልቅ ዓሣው ነው የሚፈራው» እያለ አሳቃቸው። ያን ቀን አቶ ላቀው አንድ ነጭ ዓሣ ይዘው ቤታቸው ገቡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰው መጡ። ከዚያም በየቅዳሜው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መጡ።

አንድ ጊዜ አንማው እንደ ልማዱ ክሩን መጠቅለል ሲጀምር አቶ ላቀው ጠየቁት።

«አንማው፣ ይሄ ዓሣ ግን ምን ነክቶት ነው ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የሚጠግበው?»

«እንደ እርስዎ ጡረታ ወጥቶ ነዋ፣ ጋሼ። በጊዜ በልቶ ጋደም ይላል።»

«እኔስ ጋደም የምለው ትዋብ ከፈቀደችልኝ ነው» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። ጥያቄው እዚያው ላይ አበቃ። አቶ ላቀው መልሱን እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ተቀብለው አስቀመጡት፦ ዓሣው ሲጠግብ ይመለሳሉ።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አቶ ላቀው የራሳቸውን ትንሽ የእንጨት ጀልባ አሠሩ። አረንጓዴ ቀለም ቀቧት። አንድ ሰኞ ጠዋት ወደቡ ላይ አንማው ሁለት አዲስ እንግዶች ሊያሳፍር ሲል ደረሱበት።

«እንግዲህ ልታጣኝ ነው» አሉት እየሳቁ። «ብቻዬን ልወጣ ነው። ትዋብ እንኳ አላመነችኝም። የቀረኝ ነገር ካለ ንገረኝ።»

የቀረ ነገር ነበር። አንማው ሊናገር አፉን ከፈተ። ነገር ግን ስለ ንፋሱ መናገር ማለት ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ሲያታልላቸው እንደነበር መናገር ነው። በዚያ ላይ ሁለቱ አዲስ እንግዶች አጠገቡ ቆመው ይሰማሉ።

«ምንም አልቀረዎትም» አለ። «ዳሩ ከዓይንዎ አይጥፋ። ዓሣው ሲጠግብ ይመለሱ።»

«እሱንማ ከአንተ እኩል አውቀዋለሁ!»

አቶ ላቀው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሄዱ። አንማው ቅዳሜ ብቻቸውን ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ ብሎ ወሰነ። ይህን ውሳኔውን በኋላ ላይ ራሱ ተናግሮታል፤ ውሳኔው እውነት እንደነበርም የሚጠራጠር የለም። አቶ ላቀው ግን የወጡት ረቡዕ ነው።

የዚያን ዕለት የሆነው ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከወደቡ ተነሡ። ሁለት ሰዓት ላይ ሐይቁ ውስጥ ካለች አንዲት ደሴት ወዲህ ሲያጠምዱ ታይተዋል። የተቀመጡት እንደለመዱት ፊታቸውን ወደ ዳር አድርገው ነበር። ያን ቀን ዓሣው በዝቶ ወጣ። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ያጋጥማል ይላሉ አጥማጆቹ። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ሦስት ሰዎች በታንኳ ወደ ዳር ሲቀዝፉ በአጠገባቸው አለፉ።

«ጋሼ፣ አይመለሱም እንዴ?» አላቸው አንዱ።

የአቶ ላቀው ዘንግ ጎብጦ ነበር። ዓይናቸውን ከክሩ ሳያነሡ «ገና ናቸው!» ብለው ጮኹ። «ዛሬ ዓሦቹ አልጠገቡም!»

ታንኳ ቀዛፊዎቹ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በኋላ ሲጠየቅ የሰጠው ቃል ይህ ነው፦ «የአንማው ተማሪ ናቸው። የሚያውቁትን ነገር ምን ብለን እንነግራቸዋለን?»

ንፋሱ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ተነሣ። አንማው እንግዶቹን መልሶ ወደቡ ላይ ነበር። አረንጓዴዋ ጀልባ በቦታዋ አለመኖሯን ሲያይ ብቻውን ወደ ውሃው ገባ። ማዕበሉ ሁለት ጊዜ መለሰው። በሦስተኛው አያ ጥጋቡና ሌላ ሰው ጎትተው አስቀሩት። አሥር ሰዓት ላይ ንፋሱ ሲበርድ አብረው ለፍለጋ ወጡ። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች። በጎኗ በታሰረ ሲባጎ አሥራ አራት ዓሣ ተንጠልጥሏል፤ አንዳንዶቹ ገና ይንቀሳቀሱ ነበር። አቶ ላቀው የተገኙት በማግስቱ ሐይቁ ዳር በበቀለ ደንገል ውስጥ ነው። ተንሳፋፊ ሰደርያ አልለበሱም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቁም ነበር።

በሠልስቱ አንማው ሐዘን ቤት ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ምክንያቱን ቀድመው አግኝተውታል። አንዱ «ዕድሜ ነው፣ ደክሟቸው ይሆናል» ይላል። ሌላው «ቀናቸው ደርሶ ነው» ይላል። አንማው ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ወይዘሮ ትዋብ ግን አጠገባቸው እንዲቀመጥ ጠሩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ላቀው በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ክኒን አሳስቶ የሰጠ ሰው አይደለም። አድርግ የተባለውን የሚያደርግ፣ ተው የተባለውን የሚተው ሰው ነው። ካልከው ነገር የትኛውን አፈረሰ?»

«ምንም አላፈረሱም» አለ አንማው። «ያልኳቸውን ነው ያደረጉት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ ስለ ንፋሱ፣ ስለ አቀማመጡ፣ ሰኞ ዕለት ወደቡ ላይ ሊናገር አስቦ ስለተወው ነገር። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ አንድ በአንድ ቆመ። ወይዘሮ ትዋብ ሳያቋርጡ ሰሙት።

«ለምን ደበቅከው?»

«እንዳይፈሩብኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ቢፈራስ?» አሉ። «እኔ እኮ አርባ ዓመት ከፈሪ ሰው ጋር ነው የኖርኩት። ፈርቶ ቤቱ ቢቀመጥ ምን እሆን ነበር?»

 

ጉዳዩን የመረመሩት ሰዎች መዝገብ ላይ ያሰፈሩት አንድ መስመር ነው፤ በንፋስ ምክንያት የደረሰ አደጋ ይላል። አንማው አልተከሰሰም። አንድ ዓመት ወደ ውሃ ሳይገባ ቆይቶ ሥራውን ቀጠለ። አሁን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነግረው ስለ ንፋሱ ነው። ከአሥር እንግዶች ሦስቱ ሰምተው ይወርዳሉ። እሱም «ደህና ሁኑ» ይላቸዋል። በሆቴሎቹ የሚጠራው አሁን የሌላ መሪ ስም ነው።

ይህ ታሪክ የሚነግረን አንማው ክፉ ሰው እንደነበር አይደለም። ትዕግሥተኛ ነበር፤ ሥራውንም ያውቅ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሁሉንም በሰላም መልሷል። ስህተቱ አንድ ነው። ሰዎቹን ትክክለኛውን ነገር እያስደረገ ምክንያቱን ግን የውሸት ሰጣቸው። ትክክለኛ ሥራ ከውሸት ምክንያት ጋር እስከተወሰነ ቀን ድረስ አብሮ ይሄዳል። ምክንያቱ ከእውነታው ጋር የተለያየ ዕለት ግን ታዛዡ ሰው ተከትሎ የሚሄደው ምክንያቱን ነው። በዚያ ዕለት ደግሞ አስተማሪው አጠገቡ የለም። ሰውን ከፍርሃት ለማዳን ብለን አደጋውን የደበቅንበት ጊዜ፣ የወሰድንበት ፍርሃቱን ብቻ አይደለም። ራሱን የሚጠብቅበትንም ነገር ወስደንበታል።

እርስዎስ? ለልጅዎ፣ ለተማሪዎ ወይም ለታመመ ዘመድዎ፣ እውነተኛው ምክንያት ከብዶዎት፣ በምትኩ ደስ የሚያሰኝ ምክንያት ሰጥተው ያውቃሉ? ከሰጡ ቅዳሜን አይጠብቁ። ሰውየው የሚወጣው ረቡዕ ሊሆን ይችላል።