የተመለሰች ቃል

አንድ ሽማግሌ ሐኪም በትንሿ ከተማችን ሆስፒታል ውስጥ ነርሶችን ያሠለጥኑ ነበር። ትምህርቱ፣ ትንፋሹ ሊቆም የደረሰ ሕፃን ሲመጣ እንዴት እንደሚተርፍ ነው። የሚማሩበት ክፍል መስኮት ከእኛ አጥር ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ልይ ባልልም አያለሁ፣ እሰማለሁም።

ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ተጋድሟል። ሐኪሙ "ኦክስጅን ስጪ" ይላሉ። አንዷ "ኦክስጅን ሰጥቻለሁ" ትላለች። "ደረቱን ተጫን" ይላሉ። አንዱ "ደረቱን እየተጫንኩ ነው" ይላል። እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ። ሥራውን በትክክል ሠርቶም ቢሆን ዝም ያለ ሰው እንደ አዲስ ይጀምራል። ከሁሉ በዕድሜ የምታንሰውን ሲስተር ፈንታዬን አንድ ቀን ሰባት ጊዜ አስደገሟት።

"ዶክተር፣ ሠራሁት እኮ። እጄ አይታይም?" አለች ምርር ብሏት።

"እጅሽማ ታይቷል። ቃሌ ግን አልተመለሰችልኝም። ብሳሳት በምን አውቃለሁ?"

"እርስዎ ደግሞ መቼ ይሳሳታሉ?"

"እሱን ቀኑ ሲደርስ አንቺ ትነግሪኛለሽ።"

ይህን ቦኖ ውሃ ስንቀዳ አወራሁት። "ትልልቅ ሰዎች በአሻንጉሊት ይጫወታሉ" ነው ያልኩት፣ ሌላ አልወጣኝም። ሳይመሽ ወሬው ዞሮ እኔው ቤት ሲመጣ "ሐኪሙ አብደው አሻንጉሊት ይገንዛሉ" ሆኗል። ስቄ አሳለፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤቴ የአስካለ ልጅ፣ የአንድ ዓመቱ ምትኩ፣ ሲያስለው ሰንብቶ አንድ ጠዋት ከንፈሩ ጠቆረ። ግቢው በሰው ሞላ። "ውሃ አምጡ"፣ "መኪና ጥሩ"፣ "ጸበሉ የታለ" ይባላል። ሁሉም አዛዥ ሆነ፣ የሚታዘዝ ጠፋ። እኔ ራሴ ሆስፒታሉ አጥር ማዶ መሆኑን ረስቼ "መኪና ጥሩ" እያልኩ የቆምኩበት ተገትሬ ነበር። አስካለ ልጇን ታቅፋ በእግሯ ሮጠች። ተከተልኳት።

ሆስፒታል ስንደርስ ልጁ መተንፈሱን አቁሟል። እኔ የጠበቅሁት ጩኸት ነበር። የሰማሁት ግን ዝግ ያለ ድምፅ ነው። ቃል ከሐኪሙ ትወጣለች፣ ከነርሷ ትደርሳለች፣ ሳትጎድል ሳይጨመርባትም ትመለሳለች። ከአፍ ወደ አፍ ሄዳ ያላበጠች ቃል በዕድሜዬ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

ሐኪሙን ግንባራቸውን አልቧቸዋል። "ልብ የሚያስነሳውን መድኃኒት አስር ሚሊ ስጪ" አሉ።

ሲስተር ፈንታዬ መርፌውን ይዛለች። አልሰጠችም።

"አስር ሚሊ ብለውኛል። ልጁ አስር ኪሎ ነው። የሚገባው አንድ ሚሊ አይደለም ወይ?"

"አንድ። አንድ ሚሊ ስጪ።"

"አንድ ሚሊ ሰጥቻለሁ።"

ይህ ሁሉ ሲባል የምትኩን ደረት የሚጫነው ነርስ መጫኑን አላቋረጠም። ጥቂት ቆይቶ ምትኩ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ አወጣ። አስካለ ሐኪሙ እግር ላይ ተደፋች። እሳቸው አነሷትና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እኔማ ልገድልብሽ ነበር። እሷን ሳሚ" አሏት።

ያን ሁሉ ሰው ያስተማሩ ትልቅ ሰው ናቸው እንዲህ ያሉት። በማግስቱ ቦኖ ላይ ሲጠይቁኝ ያየሁትን ያህል ብቻ ተናገርኩ፣ አንድም አልጨመርኩ።

ለካ ሐኪሙ በአሻንጉሊቱ ላይ ያን ሁሉ ቀን ያለማመዱት፣ ትንሹ ትልቁን ሳይፈራ እንዲያርም ኖሯል። የማይሳሳት ሰው የለም። አዋቂ ማለት፣ ስህተቱ ሰው ሳትገድል የምትመለስበትን መንገድ አስቀድሞ የጠረገ ነው።

እናንተስ፣ በቤታችሁና በሥራችሁ ያሉት ቃላችሁን መልሰው እንዲያሳዩአችሁ አስተምራችኋቸዋል? ወይስ ያስለመዳችኋቸው "እሺ" ማለት ብቻ ነው?