ቱልሳ የእናቷን ጋን የተወችበት ዓመት

ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

ኧረ ድምፃችሁ ደከመ። የዛሬው በረት ሩቅ ነው፣ ከባሕር ማዶ ነው። ጮክ በሉ እንጂ። ተረት ተረት!

፦ ከባሕር ማዶ ካለው በረት!

እንዲህ ነው። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህን ተረት ከልቤ ያፈለቅሁት አይምሰላችሁ። አባቴ ድሬዳዋ ሳለ፣ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። ገበያ ሲቀዘቅዝ ነጋዴው ስለ አገሩ ያወጋዋል። አባቴም ቤት ሲገባ ለእኛ ያወጋናል። ነጋዴው የአገሩን ስም ሲጠራ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር ይለን ነበር። እኔም ዛሬ አባቴን እያሰብኩ ነው የምነግራችሁ።

በድሮ ዘመን፣ በሕንድ አገር፣ ኒልጋድ የምትባል ከተማ ነበረች። ኒል ሰማያዊ ቀለም ነው፣ ጋድ ደግሞ ምሽግ ነው። የሰማያዊ ምሽግ ማለት ነው። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ነበረች። ዙሪያዋን ሦስት እጥፍ ግንብ ከቧታል። ግንቡን የሠራው የጥንት ንጉሥ ነው። ጠላት ሦስት ጊዜ መጣባት፣ ሦስት ጊዜም አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ለምን ቢሉ፣ በግንቡ ውስጥ በጠራራ በጋ እንኳ የማይነጥፍ ትልቅ ኩሬ ነበራት።

ከኮረብታው ሥር ደግሞ ቆላው ተዘርግቷል። አርባ መንደር ነው። አፈሩ ጥቁር ነው። ጥጥ ይዘራበታል። ኒል የሚባለው ቅጠልም ይዘራበታል። የቆላ ሰው ጥጡን ፈትሎ፣ ቅጠሉን አጭዶ በበሬ ጋሪ ወደ ከተማ ያወጣል። የከተማ ሸማኔ ይሸምነዋል። የከተማ ነካሪ በሰማያዊ ቀለም ይነክረዋል። ከዚያም በበጋ ነጋዴዎች ከባሕሩ ወደብ ይመጣሉ። ጨርቁን ይገዛሉ። ጨውና ቴምር፣ የዝሆን ጥርስም ያራግፋሉ። የሐሙስ ገበያ ሲቆም የግመሉ ጩኸት ከሦስቱ ግንብ ውጭ ይሰማ ነበር አሉ። ጨርቁም ባሕር ተሻግሮ የእኛን አገር ወደብ ይረግጥ ነበር። ማን ያውቃል፣ ከእናንተ ቅድመ አያቶች ያንዷ ማተብ ከዚያው ቀለም የወጣ ይሆናል።

በዚያች ከተማ ቱልሳ የምትባል ቀለም ነካሪ ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ልጅ አልወለደችም። ያላት አንድ ጋን ነው። ጋን ስላችሁ የጠላ ጋን እንዳይመስላችሁ። ሰው የሚውጥ ትልቅ ጋን ነው፣ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ውስጡ ቅጠሉ ከኖራ ጋር ይብላላል። ጠዋት ጠዋት ፍሩሽካ ይጨመርለታል፣ ውሃ ይጨመርለታል፣ በረጅም እንጨት ይማሰላል። ሲቀዘቅዝ ይሸፈናል። አንድ ሳምንት ከተረሳ ይሞታል። አዎ፣ ይሞታል። ነካሪዎች እንደዚያ ነው የሚሉት። የቱልሳን ጋን የጀመሩት አያቷ ናቸው። ከአያቷ ለእናቷ፣ ከእናቷ ለእሷ ተላለፈ። በሦስት ሴት ዕድሜ አንድ ቀን እንኳ አልሞተም። ነጭ ጨርቅ ነክራ ስታወጣው መጀመሪያ ቢጫ ይመስላል፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ነፋስ ሲነካው ደግሞ ዓይኗ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ያ ሰማያዊ ፀሐይ ገብታ ገና ኮከብ ሳይወጣ ያለውን ሰማይ ይመስል ነበር። ነጋዴዎቹ «የቱልሳ እጅ» እያሉ ለይተው ይጠይቁት ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ሰው «ለከርሞ ይመጣል» አለ። ለከርሞም ቀረ። የቆላው ወንዝ አሸዋ ሆነ። የቆላው ጉድጓድ ደረቀ። በሬው ቆዳና አጥንት ሆኖ ቀረ። የከተማዋ ኩሬ ብቻ ቀረ። የእሱም ውሃ ከመቅጃ ደረጃው ወደ ታች ወረደ።

የከተማዋ ሹም ራያጂ ይባላሉ። ሹሙ ሰዉን ኩሬው ዳር ሰበሰቡና እንዲህ አሉ፦

፦ ውሃው ለከተማው ሰው መጠጥና ለነካሪዎች ሥራ ይበቃል። ከዚያ አያልፍም። የነካሪዎቹ ድርሻ በጥንቱ ንጉሥ አዋጅ የተሰጣቸው ነው፣ እኔ አልነካውም። ስለዚህ የቆላ ሰው እንስራ ይዞ በበሩ አይግባ።

የነካሪዎቹ አለቃ ዶንዲባ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ሰማያዊ ነው፣ ሰባ ዓመት ቢታጠብ የማይለቅ። እሳቸውም ተነስተው፦

፦ ደግ ፈረዱ ጌታዬ። ጋኖቻችን ከሞቱ ኒልጋድ ሞተች። ነጋዴው አንድ በጋ ባዶ እጁን ከተመለሰ ሌላ ከተማ ይለምዳል። ለምዶ አይመለስም።

ሕዝቡ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቱልሳም ነቀነቀች። ምን ታድርግ? እውነት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቱልሳ ጨርቅ ልታሰጣ ግንቡ ላይ ወጣች። ወደ ታች ብታይ፣ ሰው ከበሩ ውጭ አቧራ ላይ ተቀምጧል። ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ጡት የሚጠቡ ሕፃናት። ከጋሪዎቹ መካከል አንዱን አወቀችው። የሳኩ ጋሪ ነው። ሳኩ የቆላ ገበሬ ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ለቱልሳ የኒል ቅጠል ያመጣችላት እሷ ነበረች። በየዓመቱ ቅጠሉን ታራግፍና ጋኑ አጠገብ ቁጭ ብለው ይስቃሉ፣ የሰፈሩን ሐሜት ሁሉ ይጨርሳሉ። አሁን ግን ጋሪው ላይ ቅጠል የለም። ምንጣፍና ወፍጮ ነው የተጫነበት።

፦ ሳኩ! እህቴ! ወዴት ነው? ብላ ጮኸች።

፦ ውሃ ወዳለበት ነዋ፣ አለቻት ሳኩ ቀና ብላ። የት እንዳለ አላውቅም። ልሰናበትሽ ነው የመጣሁት።

፦ ትመለሻለሽ?

ሳኩ ከጋሪው ላይ አንዲት ትንሽ ከረጢት አወጣችና፦

፦ ገመድ ጣይልኝ፣ አለች።

ቱልሳ የጨርቅ ማስጫ ገመዷን ፈትታ ጣለችላት። ሳኩ ከረጢቱን አሰረችው። ቱልሳ ሳበችው። ብትፈታው የኒል ዘር ነው።

፦ እናቴ የሰጠችኝ ዘር ነው፣ አለች ሳኩ ከታች። መንገድ ላይ ብቀር አብሮኝ አይጥፋ። አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።

ለቱልሳስ ሳኩ ውሃ ስጪኝ ብትላት ይሻላት ነበር። ግን አልለመነቻትም። ያላትን ሰጠቻት።

፦ አንድ ቀን ቆዩልኝ! አለች ቱልሳ። በእናትሽ ይዤሻለሁ፣ አንድ ቀን ብቻ!

ከዚያም ከግንቡ ወረደችና በቀጥታ ወደ ሹሙ ግቢ ሄደች። እጅ ነሳችና፦

፦ ጌታዬ፣ የነካሪ ድርሻ የማን ነው? ብላ ጠየቀች።

፦ የነካሪው ነው።

፦ የእኔ ድርሻ የእኔ ነው ማለት ነው?

፦ ነው።

፦ እንግዲያው እኔ ቀለም አልነክርበትም። በየቀኑ የሚደርሰኝን ሠላሳ እንስራ ለቆላ ሰው ሰጥቻለሁ። እኔው ራሴ እየቀዳሁ በበሩ አወጣዋለሁ።

ሹሙ ሰማያዊ እጇን አዩ። ከዚያም፦

፦ ጋንሽስ? አሏት።

፦ የጋኑን ነገር ተዉት፣ አለች። እጅ ነስታም ወጣች።

በማግስቱ ቱልሳ ማለዳ ተነሳች። እጇ ልማድ ነውና ወደ ፍሩሽካው ሄደ። መለሰችው። እንስራዋን አዘለችና ወደ ኩሬው ወረደች። ሠላሳ ጊዜ ወረደች፣ ሠላሳ ጊዜ ወጣች። ሳኩ ከበሩ ውጭ ሆና ለእያንዳንዱ ቤት በቅል ታድላለች። ለሕፃናቱ ቀድማ፣ ለራሷ በመጨረሻ። ሠላሳ እንስራ ግን ለአርባ መንደር ምን ይሆናል? ሰው አይሞትም፣ ግን አይጠግብም።

ዶንዲባ ሰሙና ቱግ አሉ። መንገድ ላይ አቆሟትና፦

፦ ምን ነካሽ ልጄ? እናትሽ ቀና ብትል ምን ትልሻለች? አሏት።

፦ ምን እንደምትለኝማ አላውቅም አባባ፣ አለች። ሌሊት ሌሊት እጠይቃታለሁ፣ አትመልስልኝም። ብላ እንስራዋን ተሸክማ አለፈች።

በዘጠነኛው ቀን ጋኑ ሞተ። ቱልሳ ክዳኑን ብታነሳ፣ ላዩ ላይ እንደ መዳብ የሚያብለጨልጨው አረፋ የለም። ያ ሰውን አፍንጫ የሚያሲዘው ሽታ የለም። እሷ እኮ በዚያ ሽታ ነው ያደገችው፣ የእናቷ ቀሚስ ሽታ ነው። አሁን የሚሸተው ዝም ብሎ ጭቃ ነው። ጋኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ሰው እንደሞተባት አለቀሰች።

ዶንዲባ ለቅሶዋን ሰሙ። ገቡና እጃቸውን ጋኑ ውስጥ ከተቱ። ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ነካሪ ቀለሙን እንደዚያ ነው የሚያውቀው። እሳቸውም አለቀሱ።

፦ ላንቺ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፣ አሏት። ጎልማሳ ሳለሁ ታመምኩና ጋኔ ሞተብኝ። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፣ የምንበላው አልነበረንም። እናትሽ ከዚህ ጋን አንድ እንስራ ቀድታ በጨለማ አመጣችልኝ። «ከሱ ላይ ጋንህን አስነሳው፣ ለማንም አትንገር» አለችኝ። የእኔ ጋን የዚህ ልጅ ነው። ስለዚህ አታልቅሺ። ዘሩ እኔ ዘንድ አለ። ዝናብ ሲመጣ ቀድቼ እሰጥሻለሁ።

ቱልሳ ዓይኗን ጠረገች። ተስፋ ታያት። ዶንዲባም ወደ ቤቱ በር ሄዱ። ግን ከበሩ ሳይወጡ ቆሙ። ከግንቡ ውጭ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ደክሞ የሚያለቅስ ሕፃን ለቅሶ ታውቁ የለም? ድምፁ ይጀምርና ይቆረጣል። ሽማግሌው እዚያው ቆመው ሰሙ። ከዚያም ዞር ብለው፦

፦ እናትሽ ያን ጊዜ ለእኔ ባትደርስልኝ፣ ልጄ እንደዚህ ነበር የሚያለቅሰው፣ አሉ።

ይህን ብለው ወጡ። በማግስቱ ማለዳ ቱልሳ ኩሬው ዳር ስትደርስ፣ ዶንዲባን በዚያ በተሸበሸበ ሰማያዊ እጃቸው እንስራ ይዘው ቆመው አገኘቻቸው።

፦ አባባ! ጋንዎት! አለች።

፦ ቅጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ አሏት።

አለቃው ካደረጉ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። ከከተማዋ አሥራ ሁለት ነካሪዎች አሥራ አንዱ ድርሻውን ሰጠ፤ ጋኖቻቸውም ሞቱ፣ የዶንዲባም ጭምር። አንዱ ብቻ እምቢ አለ። ስሙን አልጠራም። የልጅ ልጆቹ ደጎች ነበሩ አሉ። ሹም ራያጂም አፈሩና በሩን ወለል አድርገው አስከፈቱት። የቆላ ሰው ገብቶ በግንቡ ጥላ ሥር ሰፈረ። ጋሪዎቹ ተፈቱ። የሄደ የለም።

ነጋዴዎቹ መጡ። ሰማያዊ ጨርቅ ብለው ጠየቁ። ከአንዱ ነካሪ ጥቂት በቀር የለም ተባሉ። ግመሎቻቸውን አዙረው ሄዱ። ዶንዲባ እንዳሉትም ግማሾቹ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። ልዋሻችሁ አልችልም። ያ የሐሙስ ገበያ እንደ ድሮው አልሆነም።

በመጨረሻ ዝናቡ መጣ። ሰው ራሱን ሳይሸፍን መንገድ ላይ ቆሞ በዝናቡ ተደበደበ። ቱልሳ ያንን ከረጢት ለሳኩ መለሰችላት፣ ሳኩም ወርዳ ዘራች። ዘሩ በቀለ። ሲታጨድ ሳኩ የመጀመሪያውን ጋሪ ወደ ቱልሳ ቤት ነዳች። ሁለቱ ጋኑን አጥበው አዲስ ቀለም አስነሱ። አንድ ወር ጠበቁ። ከዚያም ቱልሳ ነጭ ጨርቅ ነከረችና አወጣች። ቢጫ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ነፋስ ነካውና ሰማያዊ ሆነ። ግን ሳሳ ያለ ሰማያዊ ነው። እንደ ጠዋት ሰማይ።

ቱልሳ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አዞረች፣ ወደ ጥላው አዞረች።

፦ እሱ አይደለም፣ አለች።

፦ አይደለም፣ አለች ሳኩ።

ከዚያ በኋላ አስነስታ፣ አስነስታ፣ ያን የምሽት ሰማያዊ ግን አላገኘችውም። ማንም አላገኘውም። በኒልጋድ ሠርግ ሲሆን አሮጊቶች የድሮውን ጨርቅ ከሣጥን ያወጣሉ፣ ይነካኩታል፣ «እህህ፣ ያ ዘመን» ይላሉ፣ መልሰው ያጥፉታል።

ቱልሳ ካረጀች በኋላ አንዲት ሙሽራ ጨርቅ ልትገዛ መጣችና ጠየቀቻት፦

፦ እማማ፣ የድሮውን ጋን በመተውዎ አይቆጭዎትም?

ቱልሳ እውነተኛ ሴት ነበረችና አልዋሸቻትም።

፦ ይናፍቀኛል እንጂ። በየማለዳው ይናፍቀኛል። እጄ እስከ ዛሬ ፍሩሽካ ይፈልጋል፣ አለች።

ይኼን ጊዜ ከውጭ የጋሪ መንኮራኩር ድምፅ ተሰማ። ሳኩ ናት፣ እሷም አርጅታለች፣ ከነልጆቿ ከነልጅ ልጆቿ ጋሪው ላይ ተጭነው መጡ። ገና ከበሩ ሳይገቡ ሳቃቸው ገባ። ቱልሳ ምርኩዟን እየፈለገች ተነሳችና ለሙሽራዋ እንዲህ አለቻት፦

፦ ግን የኔ ልጅ፣ ጋኑ አንድም ቀን እኔን ብሎ ኮረብታ ወጥቶ አያውቅም።

ብላ ልትቀበላቸው ወጣች።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። በሉ የቆሎውን ሳህን ወዲህ አምጡ፣ ለተረተች አፍ ድርሻዋን ስጡ!