የሐጂ ጀውሃር የምስር ድግስ

ምስጋናው ሲሳይን ለሚያድል ጌታ ይሁንና፣ መስጊዷ ከገበያዋ በቀደመ አንዲት የድሮ ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ የጨው ነጋዴ ነበሩ። አላህን የሚፈሩ፣ ሚዛናቸው የማይዋሽ ሰው ናቸው። አንድ ልማድ ግን ነበራቸው፤ ለወዳጆቻቸው ወጥ የሚሠሩት ራሳቸው ነበሩ። በጨው መንገድ ግመል እየነዱ የተማሩት ሙያ ነው። ሴቶቹ ቢስቁባቸውም ማማሰያውን አይለቁም።

በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ ወዳጆቻቸውን ለዱዓ ይጠራሉ። ከእንግዶቹ ሁለቱ፣ አያ ደባልቄና አያ ተገኝ፣ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የጨው መንገድ ጓደኞቻቸው። መቼም በአገራችን እስላሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ሐጂ ለሁለቱ ሌላ በግ ገዝተው በክርስቲያን ጎረቤት ያሳርዳሉ፣ ለብቻ ያስወጠውጣሉ፣ በሌላ መሶብ ያቀርባሉ። ሁለቱ በመሶባቸው ዙሪያ እየተጎራረሱ ሲተራረቡ ቤቱን በሳቅ ያፈርሱት ነበር።

አያ ተገኝ ሞቱ። በዚያ ዓመት ሐጂ የተረፈውን ወዳጃቸውን ሊያጽናኑ የሰባ ሙክት አሳረዱ። ሱብሃነላህ፣ ለአንድ ሰው ሙሉ ሙክት! አያ ደባልቄ ግን ጥቂት ቀማምሰው፣ መርቀው፣ በጊዜ ሄዱ። በዓመቱ ሲጠሩ ደግሞ «በልቻለሁ በሉልኝ» ብለው ቀሩ።

ሐጂ ደነገጡ። በአገሩ እንዲህ ብሎ የቀረ ሰው ወይ ተቀይሟል ወይ ሊለይ ነው። በትራቸውን ይዘው ሄዱ።

«ደባልቄ፣ ምን በደልኩህ? ከሁሉ አስበልጬ ሙክት አሳረድኩልህ!»

«ምንም አልበደልከኝ፣ ጀውሃር። ሙክቱም የሰባ ነበር» አሉ አያ ደባልቄ። «ግን ማን ያጉርሰኝ? እናንተ ወዲያ ስትሳሳቁ እኔ ብቻዬን ጥግ ይዤ አጥንት እግጣለሁ። ተገኝ ዳግመኛ የሞተብኝ ያን ቀን ነው። ከእንግዲህ ተወኝ።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሐጂ፤ እንባቸው መጣ። «እኔ እኮ ያከበርኩህ መስሎኝ ነው። ሐሙስ ና። ብትቀር ድስቱን ተሸክሜ እመጣብሃለሁ!»

ሐሙስ ደረሰ። በዚያ ቤት በግ አልታረደም። ሐጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሽንኩርት አቁላሉ፣ ምስር ጣሉ፣ ጎመን ቀቀሉ። ሽሮውንም ራሳቸው አማሰሉ።

ሼህ ቡሽራ፣ የከተማዋ ዓሊምና ምላሳቸው የማያርፍ ሰው፣ ገና ከደጅ ሽታው አልጣማቸውም።

«ሐጂ፣ በጉ የታለ? ሰው ለዱዓ ጠርቶ ምስር! ጀውሃር ከሰረ፣ ጀውሃር ቋጠረ ይባላል እኮ! ከቤቴ በግ ላስመጣና ስምዎን እናድን።»

«ያስመጡት፤ ነገ ለሚስኪኖች እናርደዋለን» አሉ ሐጂ። «ዛሬ ያለኝ አንድ ገበታ ነው።»

ወዲያው አያ ደባልቄ ገቡ። በሩ ላይ ቆመው እንደ ልማዳቸው ወደ ጥጉ አዩ። መሶቡ የለም። ወደ ገበታው አዩ፤ ሥጋ የለበትም። ሼህ ቡሽራ ይኼኔ ነገሩ ገባቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ጠጋ አሉና «እዚህ፣ ከጎኔ» አሉ።

እነሱ ቢስሚላህ አሉ፤ አያ ደባልቄ አማተቡ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለአያ ደባልቄ የዘረጉት ሼህ ቡሽራ ነበሩ። ሁለተኛውንም አስከትለው «እንካ ድገም፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አሏቸው። አያ ደባልቄ ጎርሰው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ «በርበሬው ነው» ቢሉም ያመናቸው የለም።

ከዚያ ጨዋታው ደራ። ስለ ሞቱት አወሩ፣ ስለ ጨው መንገድ ጥም፣ ልጅ ሳሉ ሩቅ ስለመሰላቸው እርጅና። የአያ ተገኝ ስም ሲነሳ ሁሉም «ነፍስ ይማር» አሉና በቀልዶቹ ሳቁ።

ገበታው ሲነሳ ሼህ ቡሽራ «ሐጂ፣ ግን ስምዎ አላሳሳዎትም?» ብለው ጠየቁ።

«ማብላትማ በግ ያለው ሁሉ ያበላል» አሉ ሐጂ ጀውሃር። «አብሮ መብላት ነው ጭንቁ።»

እኔ ይህን ሳስብ አፍራለሁ። ሶደቃ ስናወጣ ሰሃኑን በበር እንሰጥና በሩን መልሰን እንዘጋለን። ያ ሰው ይጠግባል፤ ወላሂ ይጠግባል። ሐጂም ሙክቱን ሲያሳርዱ የወዳጃቸውን ሆድ አልበደሉም፤ ብቸኝነቱን ነው ያላዩት። መድኃኒቱም ስማቸውን ለአንድ ቀን ለሐሜት መስጠት ነበር። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጎረቤትህ በልቶ እንደሆነ መጠየቅህ መልካም ነው። ግን ከማን ጋር እንደ በላም ጠይቀው።